ጋሽ ዳሳሽ የረገጠው

ሰፈሩ «ጋሽ ዳሳሽ» ይለዋል፤ ኑሮው በእግሩ ነዋ! ባሕሩ ሲሸሽ ሱሪውን ጠቅልሎ ጉልበቱ ድረስ ይገባል፤ በባዶ እግሩ አሸዋውን እየዳሰሰ፣ ተቀብሮ የተኛውን ጠፍጣፋ ዓሣ ረግጦ ይይዛል። በዓይን ፈልጎ ማግኘትማ የማይታሰብ ነው። ዓሣው ቆዳውን ከአሸዋው ጋር ያመሳስላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ወደ ላይ በዞረው ጎኑ ስለሆኑ ተኝቶም ሰው ያያል። ልክ እንደ ሐሜተኛ ጎረቤት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ያላወቀበት ነገር ቢኖር ፍርሃቱ ነው። እዚያው አሸዋ ውስጥ ሌላም ጠፍጣፋ ፍጡር ይተኛል፤ ቀጭን ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ ያለው። ታላቅ ወንድሙ እሱን ረግጦ አንድ እግሩን አጥቷል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ዳሳሽ ውሃ በነካ ቁጥር በልቡ ስለት ይሳላል።

አንድ ቀን ጠዋት ትሪ የሚያህል ነገር ረገጠ። ከእግሩ ሥር ተላወሰ።

ደርቆ ቀረ። ቢጫነው ጅራቱን ሊወነጭፍ ነው፤ እግሩን ቢያነሳም ያው። ውሃው ደግሞ መመለስ ጀምሯል፤ ጭኑ ደርሷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ፎቶ ልትነሳ ነው?» አለች ሚስቱ፣ ዳር ላይ ቅርጫቷን ታቅፋ።

«ዝም በይ! የትኛው እንደሆነ አላውቅም!»

ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። እሷም ሳቋን ዋጠች።

«ጅራቱን ዳስሰው። ማራገቢያ ከመሰለ የኛው ነው።»

«አለንጋ ከሆነስ?»

እሷ ቅርጫቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

አገጩ ውሃ እስኪነካ ጎነበሰ። ጣቶቹ በዓሣው ጠርዝ ላይ ቀስ እያሉ ሄዱ፤ ክንፍ፣ አሁንም ክንፍ፣ ከዚያ ሰፊ፣ ለስላሳ ጅራት። ማራገቢያ! በሁለት እጁ አፈፍ አድርጎ ደረቱ ላይ ለጠፈው።

«በል ና!»

ንቅንቅ አላለም። እስከ ዳር ድረስ አርባ እርምጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ደግሞ አሸዋ ላይ ነው።

«አልችልም» አለ። «እግሬ እምቢ አለኝ፣ እናቴ።»

ሰው ፊት እንዲህ ብሎ አያውቅም። ሚስቱ ቅርጫቷን ጣለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። እሾሃሙ ካለ ነቅቶ እንዲሸሽ እግሯን ሳታነሳ አሸዋውን እየጠረገች፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ አጠገቡ ደረሰች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«በጠረግኩት ብቻ ርገጥ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። «ደግሞ ዓሣውን ብትለቀው ወዮልህ!»

ተከተላት።