ያልተወረሰው ቁልቁለት

ከሐዋሳ ሰው ሁሉ የሐገረ ሰላምን ተራሮች እንደ እኔ ጠግቦ ያየ የለም። አጎቴ ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአሮጌ ቮልሳቸው ስንት ጊዜ አመላልሰውኛል! በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ነበርና፣ ከተራራው ስንመለስ ሞተሩን ያጠፉና “ቁልቁለት ገና አልተወረሰም!” ብለው ይለቋታል። ያኔ ቮልሷ ንስር ታስቀናለች። ባለቤታቸው ከኋላ “ኧረ በማርያም፣ ፍሬን!” ይላሉ።

“አየኸው አይደል፣ አንተ፣ ያንን ሸለቆ?”

“ግሩም ነው ጋሼ!” እላለሁ፣ ዓይኔን እንደጨፈንኩ።

ከቀብራቸው መልስ ያንኑ ቁልቁለት በአውቶቡስ ወረድን። ሞተሩ ያጓራል፤ “አየኸው?” የሚለኝ ግን የለም። ለእሳቸው ስል፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሸለቆውን ላየው ቆረጥኩ።

አልቻልኩም። ሃምሳ ያለፈኝ ሰውዬ፣ ዓይኔን የገለጥኩት ሜዳው ላይ ከደረስን በኋላ ነው።