አጎቴ የበላው ዘር

አባቴ የሞተው ባሮ ሞልቶ መንገዱን በቆረጠበት ሰሞን ነው። ከዚያ ለቅሶ ከሁሉ በላይ ትዝ የሚለኝ ግን እንባ አይደለም፤ የእናቴ ወንድም አፍ ነው።

ከአገሩ ከጎግ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለጥፎበት መጣ። አልቅሶ ሲያበቃ የአባቴን ጃኬት ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ለበሰና መብላት ጀመረ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ከወጠሩት ሸራ ሥር ተቀምጦ የዓሣ ጭንቅላት ሲመጥ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ዘይቱ በክርኑ ይንጠባጠባል፣ ዝንቡ ከንፈሩ ላይ ያርፋል፣ እሽ እንኳ አይልም። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እሱ ያገሳል። ትንባሆውን በራችን ላይ ይተፋል፤ ውሃ ደፍቼ አጥባለሁ፤ መልሶ ይተፋል። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ የሰው ቁስልና ተቅማጥ ስሰማ ውዬ ምሳዬን ደህና አድርጌ እበላለሁ። እሱ ፊት ግን እህል አልወርድ አለኝ።

ለቀስተኛው ተበተነ፣ ሸራው ተነሳ፤ አጎቴ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የተቆላ በቆሎ ሸተተኝ። ደንግጬ ከምድጃው በላይ አየሁ። እናቴ በየዓመቱ ከምርቷ ምርጥ ምርጡን መርጣ፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ከነልጣጩ ጭሱ ላይ ትሰቅለዋለች። ባሮ ሲጎድል፣ ውሃው ትቶት በሚሄደው ጥቁር ደለል ላይ የምትዘራው እሱን ነው። ገመዱ ባዶውን ተንጠልጥሏል። አጎቴ በሩ ላይ ተቀምጦ እፍኝ እፍኙን ይቆረጥማል።

«ዘር በላህ! ሰው እንዴት ዘር ይበላል?» ብዬ ጮህኩበት።

«ደረቅ ነው፤ ጥርስ ይሰብራል» አለኝ፤ ጭራሽ ሊያማርር።

እናቴ ከውስጥ ሆና፣ «አትጩሂበት። አውርጄ የቆላሁለት እኔ ነኝ» አለች።

«ለምን?»

«አባትሽ ሄደ። ከእንግዲህ ለማን ልዝራ?»

አጎቴ ማኘኩን አላቆመም። በማግስቱ ጃኬቱን እንደለበሰ ወደ አገሩ ሄደ፤ እኔም ሽታውን ለማስወጣት ቤቱን በበረኪና አጠብኩት።

ባሮ ጎደለ። ጎረቤቱ ሁሉ መቆፈሪያውን ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። ዕድሜዋን ሙሉ ማንም ሳይቀድማት የምትወርደው እናቴ ግን ምንጣፏ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ከሱቅ ምርጥ ዘር ገዝቼ አመጣሁላት፤ ያንን ቀይ መድኃኒት የተቀባውን። ሳትነካው፣ «መድኃኒትሽን ለታመመ ስጪው» አለችኝ። ምግብ ተወች፤ እንደ ልማዷ ፀጉሯን መላጨት ተወች። እናቴንም ልቀብራት ነው ብዬ ፈራሁ።

አጎቴ ተመልሶ የመጣው ይሄኔ ነው። ያው ጃኬት፣ ያው ጭቃ፤ ውሃ ነክቶት አያውቅም። አሁን ደግሞ ምን ሊበላ ነው ብዬ አፍንጫዬን ያዝኩ። ከትከሻው ላይ በጭስ የጠቆረ የበቆሎ እስር አውርዶ እናቴ ጭን ላይ ጣለው።

«የባልሽ በቆሎ ነው» አላት። «ከዓመታት በፊት ወንዛችን ጊሎ ሞልቶ ያለኝን ሁሉ ሲወስድብኝ እሱ ነው ዘር የሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዘርቼ አላውቅም።»

እናቴ አንዱን ልጣ አሸተተችው። እሱም ትንባሆውን ደጃፉ ላይ ተፍቶ፣ እስሩን መልሶ አንስቶ፣ መቆፈሪያዋን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ደጃፉን አጥቤ ስገባ ምንጣፉ ላይ ሰው የለም።

ወንዙ ዳር ሳልደርስ ድምፅዋን ሰማሁ። «ጥልቅ አደረግከው! ሊበሰብስብኝ ነው!» ትለዋለች። መቆፈሪያዋን ነጥቃዋለች። እሷ ትቆፍራለች፤ እሱ ከኋላዋ ይከተላል። ዘሩን ግን በእጁ አልያዘም። እንዲርስለት ጉንጩ ውስጥ ሞልቶታል፤ ትንባሆ ባጠቆረው ምራቁ ለውሶ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ጥ! ጥ! እያለ ይተፋዋል። እናቴ ዞር ብላ በእግሯ አፈር ትመልስበታለች።

አንድ ቃል ብናገር እናቴ መቆፈሯን የምታቆም መስሎኝ አፌን በመዳፌ ከደንኩ።