ጎርባጣ ክር

ዙሪክ፣ የልጅ ልጄ የትምህርት ክፍል ውስጥ፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከናቫሆ የመጣች ሴት ተማሪዎቹን የአያቶቿን ሙያ፣ የበግ ጸጉር መፍተል፣ ታስተምራለች። የጸጉሩ ሽታ መንዝ ወሰደኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አያቴ የእኔንና ለክረምት ከአዲስ አበባ የመጣችውን የአክስቴን ልጅ ክር ዳሰሰች። ሁለቱም ጎርባጣ ነበሩ፤ እንደገና እንድፈትል የእኔን ብቻ በጣጠሰችው።

«የሷስ? ይሄ አድልዎ ነው!» አልኩ።

«ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም! እሷ እንግዳ ናት፤ ሙያዬን የምትወርሺው አንቺ ነሽ።»

ፍትሕ መሆኑን እስከ ዛሬ አላመንኩም።

አሁን ሴትዮዋ የልጅ ልጄን ክር ስትበጥስ ብድግ አልኩ።

«እማማ፣ ቁጭ በይ! የሁላችንንም እኮ ነው የበጠሰችው» አለችኝ የልጅ ልጄ።

ዞሬ አየሁ፤ እውነቷን ነው። ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩ።