የእናቴ አረንጓዴ ሻሽ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በምሠራበት ፀጉር ቤት ሰሞኑን አንዲት ደንበኛችን ሹሩባ ስትሠራ፣ ትንሿ ልጇ እንዳታስቸግረን ስልኳን ሰጠቻትና ልጅቷ አግዳሚው ላይ ተጋድማ የካርቱን ፊልም ከፈተች። ገና ሳላየው በሙዚቃው አወቅሁት፤ ልጅ ሆኜ ቡሬ ያየሁት ነው። ቅባት የነካ ጣቴን በፎጣ ጠርጌ በልጅቷ ትከሻ ላይ ሳጎነብስ፣ አንዲት በሥዕል የተሠራች እናት አረንጓዴ ሻሽ አስራ ከበሩ ላይ ዘወር አለችና ፈገግ አለች። ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ። ያ ሻሽ የእናቴ ነው፤ ዘወር ስትል ያንገቷ አሰባበር፣ ያ ፈገግታ፣ ሁሉም የእናቴ ነው ብዬ ያኖርኩት ነው።

«ምነው እቴ፣ ካርቱንም ያስደነግጣል እንዴ?» አለች ደንበኛዋ በመስታወቱ እያየችኝ። ሳቅሁላት፤ እጄ ግን ከዚያ በኋላ ጉንጉኑን አላጠበቀም።

እናቴ የሞተችው የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው። ፎቶ አልነበራትም። ያሳደጉኝ ታላቅ እህቷ ናቸው፤ እታበባ ነበር የምላቸው። ቡሬ ውስጥ በኪራይ ቤት በርበሬ እየነገዱ ይኖሩ ስለነበር፣ በበጋ በርበሬው ሲሰጣ ግቢው በሙሉ ቀይ ምንጣፍ ይመስልና እንግዳ ሲመጣ ከሰላምታው በፊት የሚሰማው ማስነጠሱ ነበር። ከጎናችን ከወሎ የመጣ አንድ ወጣት መምህር ተከራይቶ ነበርና አንድ እሑድ ከሰዓት ላፕቶፑን በበርበሬ ጆንያ ላይ አስቀምጦ የግቢውን ልጆች ሰበሰበን። ፊልሙ የአንዲት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ የሚኖሩ እንስሳትን ያሳያል፤ ቁጣ አውራ ዶሮ ነው፣ ሐዘን አህያ፣ ፍርሃት ደግሞ እግሯ የሚንቀጠቀጥ የፍየል ግልገል። እነሱ የልጅቷን ትዝታዎች እንደ ፋኖስ ሰቅለው ዘይት እየጨመሩ ይጠብቃሉ፤ ዘይት ያልደረሰው ፋኖስ ይጠፋል፣ የጠፋውን ደግሞ ማንም መልሶ አያበራውም። መምህሩ ይህን እየተረጎመልን ልጆቹ አንዱ ሲስቅ ሌላው ዓይኑን ሲያሽ፣ ያለቀሰውና በርበሬ ያቃጠለው አይለይም ነበር።

በዚህ መሀል የቤቱ ባለቤት እማማ ብቅ አሉና ቆመው አዩ።

«አንተ መምህር፣ በሰው ልጅ ጭንቅላት ፍየል የምታስገባው ምን ልትሆን ነው?»

«እማማ፣ ስሜት ነው እኮ። ለምሳሌ ነው።»

«ለምሳሌም ቢሆን ያለ ፈቃድ ሰው ውስጥ የሚገባ ልክፍት ይባላል፤ እኔ ሌላ ስም አላውቅለትም» ብለው ፀበል ይዘው ተመለሱና ሁላችንንም ረጩን፤ መምህሩ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ቤቱ ሮጠ። ግቢው በሳቅ ሞላ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ያቺ ግልገል በእርግጥ ገብታብኝ ነበር።

ከእናቴ የነበረኝ እጅግ ጥቂት ነው፤ የታዘልኩበት ጀርባ ሙቀትና በጭላንጭል የማየው የአንዲት ሴት ጥላ። እሱም ይጠፋብኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ቦኖ ውሃ ስቀዳ ጀሪካኑ እስኪሞላ፣ ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን ወደ ሰሌዳው ሲዞር፣ ባገኘሁት ሰዓት ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ እናቴን እጎበኝ ጀመር። የሚገርመው፣ በጎበኘኋት ቁጥር እየጠራች መጣች። መጀመሪያ በር ተከፈተላት፣ ቆይቶ አረንጓዴ ሻሽ አሰረች፣ በመጨረሻም ዘወር ብላ ፈገግ አለችልኝ። ያን ጊዜ ፋኖሴ በራ ብዬ ተደሰትኩ። እታበባን እንዳልጠይቃቸው እኔ ዓይን አፋር፣ እሳቸውም የእህታቸው ስም ሲነሳ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ የሚጥሉ ነበሩ። ስምንተኛን ጨርሼ ትምህርት ሳቆም፣ ለሥራ ብቻዬን ፍኖተ ሰላም ስገባም፣ በፈራሁ ቁጥር ያቺን ባለ ሻሽ ሴት አስጠግቻት እተኛ ነበር።

ደንበኛዋ ልጇን ይዛ እንደወጣች ደጅ ቆሜ ቡሬ ደወልኩ።

«እታበባ፣ እናቴ አረንጓዴ ሻሽ ነበራት?»

«ሻሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው ሳቅ ሳቅ አለው። «እሷማ ሻሽ ጠላቷ ነበር፤ ራሴን አፈነኝ እያለች ለገበያ እንኳ ያሰርኩላትን መንገድ ላይ ፈትታ በእጇ ይዛው ትመጣ ነበር። ምነው ልጄ፣ ዛሬ ምን አነሳሳሽ?»

ዓይኔን ጨፍኜ ሻሹን ከራሷ ላይ ቀስ ብዬ ልፈታ ሞከርኩ፤ ሻሹ ሲወልቅ ፈገግታውም፣ ፊቱም፣ በሩም አብረው ወለቁ። ስንት ዓመት ሙሉ ዘይቱን የማፈሰው ለሥዕል ነበር፤ የእናቴ ጥላ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጎብኚ አጥቶ ጨልሟል።

«አለሽ?» አሉኝ እታበባ። «ሌላም ልንገርሽ?»

የሚነግሩኝን ሴት አላውቃትም፤ እሷም ስትመጣ የማላውቃት ሆና እንዳትቀር ፈራሁ።

«ይንገሩኝ» አልኳቸው።