ለአምስተኛው ግልባጭ

ታላቅ እህቴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የኮምፒውተር ኪቦርድ ሰበረች። ጥላው ወይም ተቀምጣበት አይደለም፤ በጣቷ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ የወፍጮ ዘንግ የምቆርጥ፣ የተሰነጠቀ ብረት የምበይድ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝና ወሬውን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ሃያ ዓመት ያህል ታይፒስት ሆና ሠርታለች። በዚያ በሚሌኒየሙ ሰሞን ኮምፒውተር ወደ ወረዳዎች ሲገባ የጽሕፈት መኪናዋን ከፊቷ አንስተው ነጭ ፕላስቲክ አስቀመጡላት። ነጩ ፕላስቲክ አልቻላትም።

ሦስተኛው ሲሰበር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አስጠርተው በጨዋ ቋንቋ ነገሯት። አዲስ ኪቦርድ በግዥ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ ውሳኔዎች ተከማችተዋል፤ ስለዚህ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውራ አቧራና ፋይል ትጠብቃለች፣ በቦታዋ አንዲት ለጋ ጣት ያላት ልጅ ትገባለች። እታለም (እኛ ቤት ታላቅ እህት በስሟ አትጠራም) በሚቀጥለው ቅዳሜ ወርክሾፔ ድረስ መጣች። ስባሪውን ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ ብረት ጠፍሬ የምይዝበት ሞርሳ አጠገብ አስቀመጠችው። ጠግንልኝ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ይህንን ነገር ከብረት ልትሠራው ትችላለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እችላለሁ አልኳት። ምን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ ነው እችላለሁ ያልኩት። እኔን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ በሠራችው ደመወዝ ነው የብረት መሞረጃ ሊማ መያዝ የተማርኩት። አልችልም የሚል አፍ ከየት ይመጣል?

እንደሄደች ብሎኖቹን ፈትቼ ገለበጥኩት። ውስጡን ሳይ ክው አልኩ። ብረት የሚባል ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። ሁለት ስስ የላስቲክ ወረቀት፣ በላያቸው ላይ የቀጫጭን መስመሮች ድር፣ የተበሳሱ ትናንሽ ጎማዎች፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ከክብሪት ሣጥን የማይበልጥ አረንጓዴ ቦርድ። የአንድ ወረዳ ፍርድ ሁሉ የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው ብሎ ማመን አቃተኝ። ተናደድኩም፤ ሃያ ዓመት ብረት ስትመታ የኖረችን ሴት በላስቲክ ሊለኩ።

ከወርክሾፔ ጎን ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጎረቤቴ በምሳ ሰዓት ኮምፒውተሩን ይለቅልኝ ጀመር። ቦርዱን ከስባሪው ነቅዬ፣ ጠርዙ ላይ የተደረደሩትን ጥርሶች ፍቄ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቀጭን ሽቦ በየድኩ። ከዚያ ቦርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቼ፣ ሁለት ሽቦ አንስቼ ጫፋቸውን አነካካሁ፤ የሚሆነውን ለማየት ብቻ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ረ» ወጣች።

ሽቦውን አላቅቄ ደግሜ አነካካሁት። ሌላ «ረ»። በሕይወቴ ብረት እንዲሽከረከር፣ እንዲፈጭ፣ እንዲሸከም አድርጌያለሁ፤ ብረት ፊደል ሲናገር ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየሁት፤ እሱ ግን ያው ሁልጊዜ የሚያየው ነገር ነውና ቀና ብሎ አይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። በቀጣዮቹ ቀናት የትኛው ሽቦ ከየትኛው ሲነካ የትኛው ፊደል እንደሚመጣ እያነካካሁ በደብተር ሞላሁ፤ አዲስ በወጣ ቁጥር እንደ መጀመሪያዋ «ረ» ይደንቀኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ራሴ ሙያ ገባሁ። ከአሮጌ የቧንቧ ነሐስ ስልሳ ምናምን ቁልፎችን አንድ በአንድ በቶርኖ አወጣሁ፤ እያንዳንዱ ከላይ የጣት ማረፊያ፣ ከታች እንደ ሚስማር የሚወርድ፣ ሲጫኑት የሁለት ሽቦ ጫፎችን የሚያገናኝ እግር አለው። ወፍራም ላሜራ ላይ በትራፓኖ ስልሳ ምናምን ቀዳዳ በሳሁ። አቃፊውን ከአንግል ብረት በየድኩ። ቁልፉን መልሶ የሚያነሣውን ሞላ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከጣላቸው እስክሪብቶዎች ውስጥ ለቀምኩ። ሲያልቅ እንደ ድስት ክዳን የሚያበራ ነገር ሆነ፤ ኮራሁበት። ሰክቼ አንዷን ቁልፍ ስጫን ስክሪኑ ላይ ሙሉ መስመር ፊደል ተንጋጋ፤ ጣቴን ባነሳም አልቆመም። ለካ ሁሉም ነሐስ በላሜራው በኩል እርስ በርሱ ተገናኝቷል። ብረት ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ በፈተና ጽፌ ያለፍኩ ሰው ነኝ እንግዲህ። ፕላስቲክን ስሰድብ ሰንብቼ፣ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆራርጬ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ቀለበት ሠራሁለት። ጎረቤቴ ይህን አይቶ ብዙ ሳቀብኝ፤ ሐቁ ነው።

እሑድ እታለም ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥታ ሞከረችው። ከፊቷ ያለውን ወረቀት እያየች ጀመረች፤ ወዲያው ቆመች። ፊደሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ጣቷ ሳይነካው የሚወርድላት ቁልፍ አለ፤ ነሐሱ ከታች ካለው ብረት ጋር ሲጋጭ ፊቷን ታኮሳትራለች። ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ነውና ቁጣዬ ቀደመኝ። አንቺም እኮ ትንሽ ለስለስ ብታደርጊው ምን አለ፣ ምን በድሎሽ ነው እንዲህ የምትደበድቢው አልኳት። ስናገረው ነውር መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ወጥቶ ነበር።

እሷ አልተቆጣችም። እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«አምስት ወረቀት ነበር የምጠቀልለው፣ በየመካከሉ ካርቦን አድርጌ» አለች። «የላይኛው መዝገብ ላይ ይቀራል። ተከታዮቹን ጠበቃ ያለው፣ ሰው ያለው ቀድሞ ይወስዳቸዋል። አምስተኛው የሚደርሰው መጨረሻ ለሚጠራው፣ ማንም ለሌለው ነው። እኔ ቀስ ብዬ ከመታሁ እሱ ይዞት የሚሄደው ጭጋግ ነው። ይግባኝ ልበል ሲል አይነበብም፣ ሌላ ግልባጭ አምጣ ይሉታል። አገሩ ሩቅ ነው፤ ተመልሶ እስኪመጣ ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ ለላይኛው መትቼ አላውቅም። ለአምስተኛው ነው የምመታው።»

አሁን እኮ ማተሚያው ሁሉንም እኩል አድርጎ ያወጣዋል አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ አውቃለሁ፤ ጣቴን ማን ይንገርልኝ?»

ያን ቀን ከሄደች በኋላ እስኪመሽ ሥራ አልነካሁም። እነዚያን ጣቶች ዕድሜዬን ሙሉ አይቻቸዋለሁ። ጫፋቸው ጠፍጣፋ ነው፤ መገጣጠሚያቸው አብጧል፤ ክረምት ሲገባ በሞቀ ውኃ ውስጥ ትነክራቸዋለች። የሥራ ድካም ነው ብዬ ነበር የማልፈው። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊቱን ለማታውቀው፣ በሰልፉ ጫፍ ለቆመ ሰው ብላ እንደመታች ማንም አያውቅም፤ አለቆቿም አያውቁም፤ እኔም በዚያ እጅ በልቼ አድጌ አላወቅሁም። አፈርኩ። ከማፈሬ ይበልጥ ግን ተደነቅሁ፤ እህቴን እንደ አዲስ ሰው ያየኋት ያን ለት ነው።

ሰኞ ሁሉንም ፈታሁት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥግ አቧራ የጠጣ የጽሕፈት መኪና ነበር። ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ የሚዛን ድንጋዮች ተውሼ የመኪናው ቁልፍ ላይ ደራረብኩ፤ በስንት ክብደት እንደሚወርድ አየሁና የእስክሪብቶውን ሞላ ሁሉ ጣልኩት። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተርትሬ፣ አንዱን ዘለላ ቶርኖው ላይ በሚስማር ዙሪያ እየጠቀለልኩ የራሴን ሞላ ሠራሁ። ሲወርድ ጠንክሮ የሚቋቋም፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቀጭ ብሎ ለጣት የሚመልስለት ሆነ። ቁልፎቹ ላይ ፊደል ልቀርጽ ስዘጋጅ ከለከለችኝ። የመሥሪያ ቤቱ የአማርኛ ፕሮግራም የፊደሉን አደራደር እንደ ድሮው መኪና አድርጎ ይሠራል፤ ፊደሉን አይቼ መትቼ አላውቅም፣ ጊዜህን አትጨርስ አለችኝ። ስለዚህ ነሐሱን ባዶውን ተውኩት።

የወሩ መጨረሻ ሁለት ቀን ሲቀረው በማዳበሪያ ጠቅልዬ ፍርድ ቤቱ ድረስ ይዤላት ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴን አደነዘዘው። ኃላፊው ጽሑፍ የሌለባቸውን ቁልፎች አይተው ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ እሷ ተመለከቱ፤ እስኪ ይሞከር አሉ። እታለም አራት ገጽ ውሳኔ አጠገቧ አቆመችና ጀመረች። ወይ ጉድ። እኔ የሠራሁት ነገር ነው፤ እንዲህ ይናገራል ብዬ ግን አላሰብኩም። አሥሩም ጣቶቿ እየተነሡ ይወርዳሉ፤ ዓይኗ ከወረቀቱ ላይ አይነሣም፤ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ያለ ስሕተት ይጎርፋል፤ ጠረጴዛው ከነእግሩ ይርገበገባል። የጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ በር ላይ ቆሞ ቀረ። እንባዬ መጣ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ኃላፊው እጃቸውን አነሡ። «ሥራዎ እንከን የለውም፤ ግን ይህ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው» አሏት። «ጎን ያለው ችሎት እንዴት ይሰማማል? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይሆንም።» እታለም የጀመረችውን ውሳኔ እስከ መጨረሻው ጨረሰችው፤ ታተመ፤ ተላላኪው ማኅተም አስመትቶ ከመስኮቱ ሥር አግዳሚው ላይ ሲጠብቁ ለዋሉት ሽማግሌ ሰጣቸው። እኔ ኪቦርዱን መልሼ ልጠቀልልበት ማዳበሪያዬን መዘርጋት ጀምሬ ነበር።

ሽማግሌው ወረቀቱን ይዘው ገቡ። አላነበቡትም፤ ገለበጡና ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ደግመው ዳሰሱ። «ይህ አልተጻፈም» አሉ። ኃላፊው ደንግጠው ጽሑፉን አሳዩዋቸው። ሽማግሌው ግን ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚያውቁት በጣታቸው ነው፤ የጽሕፈት መኪና ሲመታ ከወረቀቱ ጀርባ ያብጣል፤ ይኼ ግን ልሙጥ ነው። አንድ ጊዜ የማይነበብ ይዘው ሄደው መሬታቸውን የሚከራከሩበት ቀን አልፎባቸዋል፤ ሁለተኛ አይሞኙም። ኃላፊው ስለ ማተሚያው አስረዱ፤ ሽማግሌው አላመኑምና ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓመቱን ሙሉ ባለጉዳዩ የሚለን ይህንኑ ነው አለ ተላላኪው።

እታለም ከወንበሯ ተነሥታ አጠገባቸው ቆመች።

«አባቴ፣ ቅድም እዚህ መስኮት ሥር አልነበሩም?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ሲመታ አልሰሙም?»

አሰቡ። «ሰምቻለሁ። ደህና አድርጎ ሲመታ ነበር።»

«እሱ ነው ይኼ። እኔ ነኝ የመታሁት።»

ሽማግሌው ፊቷን፣ ከዚያ እጆቿን አዩ። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው በጋቢያቸው ሥር ከተቱና እግዜር ይስጥሽ ብለው ወጡ። ኃላፊው ወደ ተላላኪው ዞሩ።

«ጠረጴዛቸውን ከችሎቱ ግድግዳ አርቀህ ወደ መስኮቱ አስጠጋው» አሉ። «ባለጉዳዩ ይስማ።»

ተላላኪው አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን። ኪቦርዱን ከላዩ ሳናነሣ ነበርና ከበደን።