ኩሽና ውስጥ የጠበቁኝ ሰው

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ የተነሣሁት ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ፈልጌ ነው። ድምፄ እንደምትሰሙት ሸካራ ስለሆነ ወደ ማይኩ ልጠጋ። ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ውብነሽ እባላለሁ። እዚያ ያቀረቀረው ሰውዬ ባሌ ጌታሁን ነው። ስለ እሱ እንደማወራ ስላወቀ ነው መሬት መሬት የሚያየው። ቀና በል ጌታሁን፣ መጨረሻው ያምራል። ጌታ ይመስገን።

የጾም እሁድ ነው፣ ሁላችንም ርቦናል፤ ላሳጥር እሞክራለሁ። ሌላ ጊዜም እንዲህ ብዬ ነበር፣ ግድ የለም።

ስለ ራሴ ከመናገሬ በፊት ስለ ጋሽ ይልማ መናገር አለብኝ፤ ፊት ወንበር ላይ ያሉት ናቸው። ከኛ ሰው መካከል ፍራንክፈርት ላይ መጀመሪያ ሞርሞን የሆኑት፣ መጀመሪያም ሚስዮናዊ ሆነው የወጡት፣ ይህን የአማርኛ ጉባኤ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። መመስገን አይወዱም። ዛሬ ግን ይቻሉኝ።

ወደዚህ አገር የመጡት ኬሚስትሪ ሊማሩ ነው። አገር ቤት ነገሩ ሲበላሽ መመለሻ አጡ። በረዶ በሚጥልበት አንድ ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከረባት ያሰሩ ሁለት ወጣት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን የተማሪ ቤታቸውን አንኳኩ። «ያስገባኋቸው ስለ ሃይማኖት ብዬ አይደለም፣ ጫማቸው ስለ ረጠበ ነው» ይላሉ ጋሽ ይልማ። ባመኑ ጊዜ ጓደኞቻቸው ከሁለት ወገን ተነሡባቸው። በእግዚአብሔር የማያምኑት «ለምን አመንክ?» አሏቸው፣ የሚያምኑት ደግሞ «ለምን የአባቶችህን እምነት ተውክ?» አሏቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። እንቅርቷን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ ያለ ደመወዝ፣ ለሁለት ዓመት ወደ ሰሜን ጀርመን ሚስዮናዊ ሆነው ሄዱ። ያኔ ጥቁር ሰው ከረባት አስሮ በር ሲያንኳኳ ምን እንደሚገጥመው ገምቱት። ተመልሰው ተመረቁ፣ ሥራ ያዙ፣ አገቡ። በኋላም ቦናመስ ባለው ፎቅ ቤታቸው፣ ሳሎናቸው ውስጥ በአማርኛ ስብሰባ ጀመሩ። በመጀመሪያው እሁድ የመጣ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። መዝሙር ዘመሩ፣ ጸለዩ፣ ሰበኩ፣ ለሚመጣው እሁድ ማስታወቂያ ተናገሩ፣ ዘጉ። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ማስታወቂያው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ። ዛሬ ይህን አዳራሽ ሳየው ለማን እንደነበር ይገባኛል። ስሙ ይባረክ።

እኔ ግን ያኔ አልወዳቸውም ነበር። የጌታሁን የተማሪነት ጓደኛ ስለሆኑ በየወሩ ጉትሎይትፊርቴል ያለው ቤታችን ድረስ ይመጣሉ። እኔ ያኔ ኦርቶዶክስ ነበርኩ፣ ያሳደገችኝን ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አከብራለሁ። እሳቸው ደግሞ እምነታቸው ስለሚከለክል ቡና አይሉ፣ ሻይ አይሉ። «ቡና የማይጠጣ ሐበሻ ምን ተብሎ ይስተናገዳል?» እያልኩ ሙቅ ውሃ በዝንጅብል አቀርብላቸው ነበር። አመስግነው ይጠጣሉ፣ «ቤቱ እንዴት ነው?» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። አሜሪካኖች እየከፈሏቸው ነው እል ነበር። ለካ የስብሰባ አዳራሹን ሽንት ቤት እንኳ በተራቸው የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ አንገቴ ላይ አንዲት እብጠት ወጣች። ዶክተሩ ዘንድ ልጄ ሳምራዊት ይዛኝ ሄደች፤ እዚህ የተወለደች ናት፣ በአማርኛ ስጠይቃት በጀርመንኛ ነው የምትመልስልኝ። የኔ ጀርመንኛ የወጥ ቤት ነው። ኦስትኤንድ ያለ መሥሪያ ቤት ካንቲን ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስለ ድንች ከሆነ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ዶክተሩ ግን ረጅም አወራ፣ ሳምራዊት ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን አለ?» ስላት «እብጠት ናት፣ ብትወጣ ይሻላል» አለችኝ።

እኔም ሳቅኩ። እንቅርት ናታ! እናቴም፣ አክስቶቼም እንቅርታቸውን ይዘው ሸምግለዋል። የደሴዋ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ደርሷል፣ ትኬት ተቆርጧል። ለእንቅርት ብዬ ሠርግ ልቅር? ለኦፐራሲዮን የተያዘልኝን ቀጠሮ፣ ቴርሚን የሚሉትን፣ ራሴ ደውዬ ሰረዝኩ። ሌላ ሲሰጡኝ እሱንም ሰረዝኩ። ጌታሁን «እባክሽ ውቤ» ይላል፣ ሳምራዊት ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ «በትንሽ ነገር የምትፈሩ፣ ፈረንጅ ሆናችኋል» እላቸዋለሁ።

አያችሁ፣ ካንሰር ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ለታማሚ ክፉ ነገር አይነገርም፣ ትደነግጣለች ብለው ተማክረው ደበቁኝ። በፍቅር ነው። ወንድሞቼ፣ ከፍቅራቸው የተነሣ ልሞት ነበር።

ጌታሁን ሲጨንቀው ጋሽ ይልማ ዘንድ ሄደ። «እናንተ በዘይት ቀብታችሁ እጅ ትጭናላችሁ አሉ፤ መጥተህ ጸልይላት። ምን እንዳላት ግን እንዳትነግራት» አላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሳሎን ተቀመጥን። ትንሽ የዘይት ብልቃጥ ከኪሳቸው አወጡ። እኔም እንደ ልማዴ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለአንዲት እንቅርት ነው?» አልኩ።

ብልቃጡን እንደያዙ ወደ ጌታሁን ዞሩ። «እስካሁን አልነገርካትም?» አሉት። ጌታሁን መሬት መሬት አየ። ጋሽ ይልማ ብልቃጡን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«ጌታሁን፣ ሚስዮን ላይ ሳለሁ እናቴ ታማ ነበር» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ ስሟን እየጠራሁ ጤናዋን እለምናለሁ። ከቤት የሚመጣው ወሬ ‹ተሽሏታል፣ ጠበል ገብታለች› ነው። ወደ ፍራንክፈርት በተመለስኩ ማግስት ወዳጆቼ በማለዳ ተሰብስበው መጡ። አንተም ከመካከላቸው ነበርክ። ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር። ላፈር ጤና ስለምን ከርሜ ነበር፣ ጌታሁን። ማንም ክፉ አልነበረም፣ ሁሉም አዝኖልኝ ነው። ግን እናቴን በጊዜዋ አላለቀስኳትም። እኔ እጄን ውሸት ላይ አልጭንም።»

ከዚያ ተነሡ። «መንገር የናንተ ነው፣ የኔ አይደለም። ኩሽና ሆኜ እጠብቃለሁ» ብለው ገቡና በሩን ዘጉ።

ሦስታችን ቀረን። በመጨረሻ የተናገረችው ሳምራዊት ናት። ያቺ ሁልጊዜ በጀርመንኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በአማርኛ «እማዬ፣ ካንሰር ነው» አለችኝ።

ተቆጣሁ። አለቀስኩ ብላችሁ ደስ ይል ነበር፤ አላለቀስኩም፣ ነደደኝ። ኩሽና ገብቼ ጋሽ ይልማ ላይ ቆምኩባቸው። «እርስዎም ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ከትናንት ጀምሮ» አሉ።

«ሠርጉ ላይ ወድቄ ብሞትስ?»

«ለዚህ ነው የመጣሁት። ተቆጪ፣ ልክ ነሽ» አሉኝና ወንበር ሳቡልኝ።

ተቀመጥኩ፤ እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ጸሎት ያልጸለይኩ አይምሰላችሁ፣ የአባቶችን ጸሎት በቃሌ አውቀዋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ግን ምን እንደምለምን አውቄ፣ በራሴ አፍ «ጌታ ሆይ፣ ካንሰር ይዞኛል፣ ፈርቻለሁ» አልኩ። ሰማኝ። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ፤ ፍርሃቴ ሳይለቀኝ ብቸኝነቴ ለቀቀኝ። ክብር ለስሙ ይሁን።

ከዚያ «አሁን ይጸልዩልኝ» አልኳቸው። ዘይቱን አናቴ ላይ አድርገው እጃቸውን ጫኑ፤ በሽታውን በስሙ ጠርተው ጸለዩ። ትድኛለሽ ብለው ቃል አልገቡልኝም። ልክ አሜን እንዳልን «ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ደውዪ፣ ሦስተኛውን ቀጠሮ ብትሰርዢ ግን አንቺን አያድርገኝ» አሉ።

ደወልኩ። ለሠርጉ ስጦታ ላክሁ። ከኦፐራሲዮኑ በኋላ ያደረገችልኝ ዶክተር መጣች። ሳምራዊት ልታስተረጉም ስትል «ቆይ፣ ለኔ ቀስ ብላ ትንገረኝ» አልኩ። ሴትዮዋም ቀስ ብላ፣ ዓይኔን እያየች «ልክ በሰዓቱ ነው የደረሱት። ሊሰራጭ ጥቂት ነበር የቀረው። አውጥተነዋል» አለችኝ። ገባኝ፤ ስለ ድንች ባይሆንም ገባኝ። ድምፄ ለረጅም ጊዜ ጠፋ፣ ጎረቤትም ጌታሁንም ከወሬዬ አረፉ። ተመልሶ ሲመጣ ይህን ሆኖ መጣ፣ ጌታ ይመስገን። በዚህ ድምፅ ነው ልጠመቅ እፈልጋለሁ ያልኩት። ጌታሁንም ተከተለኝ፤ ዛሬ ዘይት ይዞ የሰው ቤት የሚሄደው እሱ ነው። መጨረሻው ያምራል አላልኳችሁም?

አላለቀም ግን። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ባለፈው እሁድ እዚሁ ተቀምጠን ጋሽ ይልማ ሲጸልዩ ደሴ ያለችውን ታላቅ እህታቸውን በስም ጠርተው ጤናዋን ለመኑ። እኛም አሜን አልን። ብዙዎቻችን መሞቷን ሰምተን ነበር። ልባቸው ደካማ ነው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ቆይ ይደርሳል ተባብለን አሜን አልን። እኔም ብያለሁ። አሜኑ ጉሮሮዬ ላይ፣ ጠባሳዬ ላይ ቀረ።

ያን ቀን ጌታሁን ለምን እንደደበቀኝ ገባኝ። ስለሚወደኝ አፉን ፈርቶ ነው። ይቅር ብዬው ነበር፣ የገባኝ ግን አሁን ነው።

ሽቱትጋርት ላለው ልጃቸው ለዳዊት ደወልኩ። «አባትህ ለአፈር እየለመኑ ነው፤ ና» አልኩት። አርብ ዕለት መጣ፣ አብረን ቦናመስ ሄድን። በሩን ሲከፍቱልን ደስ አላቸው። ዳዊት ዓይኑን ወደኔ ሲያደርግ «መንገር ያንተ ነው» ብዬ ኩሽና ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ።

ድምፃቸውን ሰማሁ። የሽማግሌ ልቅሶ ሰምታችኋል? እኔም ከበሩ ወዲህ ሆኜ አለቀስኩ። ከቆይታ በኋላ በሩ ተከፈተ። ፊታቸው ታጥቦ ነበር።

«የሞተችው ገና በቅርቡ ነው አሉ» አሉኝ። «እሷን በጊዜዋ አለቀስኳት። ደግ አደረግሽ። አሁን ጌታሁንን ጥሪው፣ እጁን ይጫንብኝ።»

መጣ፤ ስሟን ጠርቶ፣ መሞቷን ተናግሮ መጽናናትን ለመነላቸው። ያን ጊዜ ያልነው አሜን እውነተኛ አሜን ነበር።

ይህን ዛሬ የምናገረው ፈቅደውልኝ ነው። እነሆ ዛሬም ጾመው፣ ሐዘናቸውን ይዘው ፊታችን ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር ሕያው እንደሆነ፣ እውነቱን ስንነግረው እንደማይሸሸን ያወቅሁት በሥጋዬ ነው። በኢየሱስ ስም እመሰክራለሁ። እሱን እመኑት፤ እርስ በርሳችሁም ተማመኑ። ቤታችሁ ውስጥ አፋችሁን ያስፈራ ነገር ካለ፣ ዛሬ የምትነግሩት ሰው ካለ፣ ደውሉልኝ፤ እመጣለሁ። እኔ አልነግርላችሁም። ኩሽና ሆኜ እጠብቃችኋለሁ።