የኩብራ እጆች እብጠት

አልዩ አምባ ውስጥ ከኩብራ የቀጠነ ፈትል የሚያወጣ አልነበረም። ሰኞ ገበያ ሲቆም ሸማኔዎቹ ሌላ ፈታይ ዘንድ ሳይቆሙ በቀጥታ ወደ እሷ ይመጡ ነበር። ባሏ በወባ የሞተው ልጃቸው ሸሪፍ ጡት ሳይጥል ነው። እናት አባቷም ቀድመው ስላለፉ ታናሽ ወንድሟ አብዱልጀሊል እጇ ላይ ቀረ። ሁለቱንም በእንዝርት አሳደገች።

አብዱልጀሊል ትምህርት ሆነለት። አንኮበር ከዚያም ደብረ ብርሃን አስተማረችው። በ1973 ዓ.ም. መንግሥት ምሥራቅ ጀርመን ሲልከው ዳገቱን አብራው ወጥታ ጎረቤላ ድረስ ሸኘችው።

ሕመሙ የጀመራት እሱ በሄደ በዓመቱ ነው። አንድ ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ከዚያ የእጇ አንጓ አበጠ፤ ጉልበቷም ተከተለ። ዱዓ ተደረገላት፤ ፍል ውሃ ወረደች። ጎረቤላ የነበረው ድሬሰር ገብረ ጻድቅ አስፕሪን ሰጥቶ «ቁርጥማት ነው፤ ብርድ እንዳይመታሽ» አላት። ቆላ ለሚኖር ሰው ብርዱ ከየት እንደሚመጣ አልነገራትም። ከጊዜ በኋላ ጣቶቿ ወደ ጎን ዘመሙ። እንዝርቱ ከእጇ እያመለጠ መሬት ለመሬት ይንከባለል ጀመር። ሸማኔዎቹም ሰላም ብለዋት የሚያልፉ ሆኑ።

በ1979 ሸሪፍን ከገበያ አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ቀበሌ ሄዳ የተጣመሙ እጆቿን አሳየች።

«እጄ እሱ ነው» አለቻቸው።

«የአብዮት እናት አታለቅስም» ብለው መለሷት። አላለቀሰችም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት አብዱልጀሊል ለዕረፍት መጣ። መነጽር አድርጓል፤ ወፍሯል። ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ እጆቿ ላይ ቀረ። አንጓዋን ቀስ ብሎ ዳበሰው።

«እትዬ፣ እኔ የማጠናው እኮ ይህንኑ ነው» አላት።

«ምኑን?»

«ደማችን ውስጥ በሽታ ሲገባ ሮጠው የሚደርሱ ነጭ ሕዋሳት አሉ። ውስጣቸው ካልሲየም የሚይዝ አንድ ፕሮቲን አለ። ሲቆጡ ወደ ውጭ ያፈሱታል። እንዳንቺ መገጣጠሚያቸው ያበጠባቸው ሰዎች ላይ በብዛት እናገኘዋለን። እብጠቱን የሚያባብሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን፤ ገና አልተረጋገጠም።»

«እኔ ውስጥ ምን በሽታ ገብቶ ነው የሚቆጡት?»

«የገባ ነገር የለም። የራስሽን መገጣጠሚያ ነው የሚያጠቁት።»

«ካልሲየም ያልከው ወተት ውስጥ ያለውን ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ወተት ልተው።»

«ወተቱ ምን አደረገሽ? ያለ ካልሲየም ልብም አይመታም። ጠጪ።»

«መድኃኒቱንስ አገኛችሁለት?»

«ለዚያ ገና ነን» አለ ወንድሟ፤ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ።

ሊመለስ ሲል ደብረ ብርሃን ይዟት ወጣ። እዚያ ሆስፒታሉን አስፈቅዶ ከክንዷ ደም ቀዳ፤ ከላይ የጠለለውን ውሃ ለይቶ በረዶ ያለበት ቴርሞስ ውስጥ ከተተው።

«ይጠቅመኛል?» አለችው።

«ለጥናቱ በጣም ይጠቅማል።»

«የጠየቅሁህ ስለ እኔ ነው።»

ከሻንጣው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን አውጥቶ ሰጣት፤ እብጠቱን ለጊዜው እንደሚያበርድ፣ በድንገት መተው እንደሌለባትና ሲያልቅባት ደብረ ብርሃን መጥታ እንድትጠይቅ ነገራት።

ክኒኑ ተአምር ሠራ። በሳምንቱ ውስጥ የእጇ እብጠት ጎደለ፤ ጉልበቷ ታጠፈ፤ ቆማ ሰገደች። ጥጡን ከፍሬው አስዳምጣ እንዝርቷን አነሣች። ጣቶቿ እንደ ዱሮው ባይታዘዙም ለሸሪፍ ጋቢ የሚሆን ፈትል አወጣች። እነዚያን ወራት ከማንም ጋር ሳትጣላ፣ ለማንም ሳታማርር አሳለፈቻቸው። ክኒኑ ሲያልቅ ደብረ ብርሃን ወጣች፤ የለም ተባለች። ደግማ ወጣች፤ አሁንም የለም። እብጠቱ ከዱሮው ብሶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ እንዝርት አልያዘችም። ጎረቤቷ ሰሊሃ ታጥባት፣ ታጎርሳት ጀመረች።

በ1981 ወልደተንሣኤ የሚባል ከዚያው ከጀርመን የተመለሰ ልጅ የአብዱልጀሊልን ሰላምታ ይዞ መጣ።

«ዶክተር ሆኗል፤ እዚያው ሥራ ሰጥተውታል» አለ። «ደግሞ ንገራት ያለኝ አለ። ከመረመሩት ደም ሁሉ ያ ፕሮቲን በብዛት የተገኘው በእርስዎ ደም ውስጥ ነው። ጥናቱ ላይ ገብቷል።»

«ከሁሉ የበለጠው የእኔ ነው?»

«አዎን።»

«አንደኛ ወጣሁ በለኛ» አለች ኩብራ። «ክኒን አልላከም?»

ልጁ አልላከም ለማለት አፍሮ አንገቱን ደፋ።

በ1983 ግንቦት ከሰሜን የተበተነው ወታደር ሲጎርፍ ጥቂቱ በአልዩ አምባ በኩል ወደ ቆላ ወረደ። ኩብራ በሰሊሃ ተደግፋ በር ላይ ተቀምጣ ያገኘችውን ሁሉ ስለ ሸሪፍ ጠየቀች። አንዱ ክፍለ ጦሩን ያውቀዋል፤ እሱን ግን አያውቀውም። ሌላው ሳይሰማት አለፈ። ሲመሽ መንገዱ ሰው አጣ።

«ለሸሪፍም ለወንድምሽም ዱዓ እናድርግ» አለች ሰሊሃ፣ መዳፎቿን ዘርግታ።

ኩብራ እጆቿን ከጭኗ ላይ አነሣች። ጣቶቿ ወደ ውስጥ እንደታጠፉ ነበሩ፤ መዳፏ አልከፈት አላት።

«አንቺ አድርጊላቸው» አለች።